ሳይነሡ የተደረሰ ያዮ

ጋሼ ጥበቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መቱ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነበሩ። እንዲህ ሲባል ሰው ቀላል ሥራ ይመስለዋል። ያልተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ እንዲያወጣ፣ ያልተተከለ ችግኝ እንዲጸድቅ፣ ማንም ያልተገኘበት ስብሰባ በሞቀ ውይይት እንዲጠናቀቅ ማድረግ ብዕር ይጠይቃል። እሳቸው ደግሞ ብዕሩን አልተነፈጉም። ከኡካና ከኖፓ ሳይቀር የወረዳ ሰዎች "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልን" እያሉ ረቂቃቸውን ይዘው ይመጡ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ግን አንድ ነገር ያስጨንቃቸው ጀመር። ቁጭ ብለው ዕድሜያቸውን ሲያሰላስሉ የሠሩትና የጻፉት ተቀላቀለባቸው። አንድ ቀን "ያ የገበያው መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል ወይስ ሪፖርቱን ነው የሠራሁት?" ብለው ተነሥተው ሄደው አዩ። ሪፖርቱን ነበር።

ከተማው ውስጥ የብስክሌት ክለብ ሲቋቋም፣ ስድሳ አንድ ዓመታቸው ሳያሳፍራቸው የተመዘገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ክለቡ የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞ ከመቱ እስከ ያዮ፣ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ ብሎ ለቅዳሜ ቀጠረ።

"ከመሞቴ በፊት አንድ ነገር መጀመሪያ ሠርቼ፣ ከዚያ ሠራሁ ማለት እፈልጋለሁ" አሏቸው ለባለቤታቸው ለእትዬ ወርቅውሃ።

"በብስክሌት?"

"በብስክሌት።"

"ሌላ ሳይሠራ የቀረ ነገር ጠፍቶ ነው?" አሉ እትዬ ወርቅውሃ፤ ቢሆንም ለመንገድ የሚሆን ጭኮ ቋጠሩላቸው።

የክለቡ ሊቀ መንበር ፋኦል በአንድ ወቅት ከጋሼ ጥበቡ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ሥራ የተማረ፣ ቀልጣፋና ሰው አክባሪ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ጥበቡን ጨምሮ ሃያ አባላት ብስክሌታቸውን ይዘው ተሰልፈው ሲጠብቁ አዲስ ወሬ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሜዳሊያ እንዲሰጡ የተጋበዙት የክብር እንግዳ ከሰዓት በኋላ ሌላ ስብሰባ ስላለባቸው ያዮ ሄደው መሸለም አይችሉም። ሜዳሊያው ግን ተዘጋጅቷል፤ የምስክር ወረቀቱ ታትሟል፤ "እንኳን በሰላም ደረሳችሁ" የሚለው ባነርም ተሰቅሏል። ስለዚህ የመድረሻው ሥነ ሥርዓት አሁኑኑ እዚሁ ይከናወናል፤ ጉዞው ይቀጥላል።

ማንም አልሳቀም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ይህን ከጉድ አልቆጠሩትም፣ የፕሮግራም ሽግሽግ ነው። የክብር እንግዳው ብስክሌተኞቹ ላሳዩት ጽናት አመሰገኑ። ዳገቱን የተቋቋሙበትን ወኔ አደነቁ። ተሳታፊዎችን ወክሎ የተናገረው አባል "መንገዱ አድካሚ ቢሆንም" ሲል ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ሜዳሊያው አንገታቸው ላይ ሲጠልቅ ጋሼ ጥበቡ አፈሩ። ሌላ ሰው ቢሆን በሆዱ ይስቅ ነበር፤ እሳቸው ይህን ቋንቋ ለከተማው ያስተማሩት ራሳቸው ስለሆኑ የሚስቁበት ሰው አጡ። አንድ መላ ብቻ ታያቸው። ሜዳሊያውን ሳያወልቁ ያዮ ከገቡ፣ ውሸቱ ጥቂት ሰዓት ዘግይቶም ቢሆን እውነት ይሆናል።

ጉዞው ተጀመረ። የተሸለመ ሰው ግን ምን ያስሮጠዋል? ገሚሶቹ ከከተማው ሳይወጡ ቁርስ ቤት ገቡ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ጎማ ተነፈሰብኝ፣ ስልክ ተደወለልኝ እያሉ ተመለሱ። መንገዱ ላይ ያለችው ሁሩሙ ሲደርሱ ጋሼ ጥበቡና ቀኖ የሚባል የወፍጮ ቤት ባለቤት ብቻ ቀርተው ነበር። ቀኖ አክስቱ በር ላይ ፍሬን ያዘ።

"ጋሼ፣ አክስቴን ሰላም ሳልል ባልፍ እስከ ልጅ ልጄ ይወራብኛል።"

"ያዮስ?"

"ያዮማ ደርሰናል እኮ" አለ ቀኖ፣ ሜዳሊያውን በሁለት ጣቱ ይዞ እያሳያቸው። ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን ሆኑ። በየመንደሩ የሚያውቋቸው ሰዎች አንገታቸው ላይ የሚያብረቀርቀውን አይተው፣ ጉዞውን የጨረሱ መስሏቸው "ባጋ ነጋን ዱፍተን" ይሏቸዋል፤ እንኳን በሰላም መጡ። በመጀመሪያ ወርደው "አይ፣ ገና እየሄድኩ ነው" እያሉ ያስረዱ ነበር። ማስረዳቱ ከዳገቱ ባሰባቸውና በኋላ ላይ "አሜን" ብቻ እያሉ አለፉ።

መንገዱ በጫካው መሐል ወደ ወንዙ ይወርድና መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ቁልቁለቱን ዓይናቸውን ሊጨፍኑ ምንም ሳይቀራቸው ወረዱት። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ግን ወደቁ። ተነሥተው ልብሳቸውን አራግፈው ብስክሌቱ ይዟቸው ወደፊት የተንሸራተተውን ያህል ወደ ኋላ ተመለሱ፤ አንድ ክንድ መንገድ እንኳ ሳይነዳ እንዳይቀር። ዳገቱ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ አጠገባቸው ቆመ፤ ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

"ጋሼ ጥበቡ፣ ይጫኑ እንጂ! ከተማው መግቢያ ላይ አወርድዎታለሁ። ማን ያያል?"

"እኔ" አሉት እያለከለኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያዮ ገቡ። የጠበቃቸው ሰው የለም፤ ካፊያ ብቻ። መዳፋቸው ተልጧል፣ ዕንባቸው ግን የመጣው ከደስታ ነው። ደርሰዋል። ማንም ሳይጽፈው፣ በእግራቸው ኃይል ደርሰዋል። ገለኔ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ገቡና ሻይ አዘዙ። ወንበር ብታቀርብላቸው ሊቀመጡ ሞከሩ፣ አልቻሉም፤ ቆመው መጠጣት ጀመሩ። በዚህ መሐል ፋኦል ደወለ።

"ጋሼ፣ ሪፖርቱ ዛሬውኑ መግባት አለበት። እንደ እርስዎ አድርጎ የሚያሳምረው የለም። ሃያ ተሳታፊ ተነሣ፣ ሃያውም ደረሰ።"

"ፋኦል፣ የደረሰው አንድ ሰው ነው።"

"ማነው እሱ?"

"እኔ ነኛ።"

"አሁን የት ነዎት?"

"ያዮ።"

"ያዮ ምን ሊሠሩ ሄዱ?" አለ ፋኦል፣ ከልቡ ደንግጦ።

ጋሼ ጥበቡ ረጋ ብለው አስረዱት። ፋኦልም በትዕግሥት ሰማቸውና "ማን አይቶዎታል?" አለ። እሳቸው በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህ ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም። ስልኩን ለገለኔ ሰጧት።

"ከየት እንደተነሡ አላየሁም" አለች ገለኔ። "ሲገቡ ግን አይቻለሁ። ወንበር ሰጥቻቸው መቀመጥ አቅቷቸዋል።"

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጋሼ ጥበቡ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሪፖርት ሰምተው ስለማያውቁ ትንሽ ቀኑባት። ስልኩን ተቀበሉ።

"ጋሼ፣ መቀመጥ አለመቻል በማስረጃነት አይያዝም" አለ ፋኦል በአክብሮት። "ለሃያው የጠዋቱ ፎቶ አለን። ለአንዱ ምን እናያይዛለን? ሃያ ብለን እንለፈው፤ እርስዎም እዚያው ውስጥ አሉ።"

ዳገቱ ላይ ያልመጣባቸው ንዴት አሁን መጣባቸው። ከነዚያ ቁርስ ቤት ከገቡት ጋር፣ ከቀኖ ጋር፣ ጎማ ተነፈሰብን ካሉት ጋር አንድ ላይ ሊቆጠሩ ነው።

"እንግዲያው ስሜን አውጣ። ከደረሱት ጋር እንዳትቆጥረኝ።"

ፋኦል ሲጽፍ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲንኳኩ ይሰማል። ቆይቶ ድምፁ ፈካ።

"አሥራ ዘጠኝ! እውነትዎን ነው ጋሼ፣ አሥራ ዘጠኝ ይሻላል። ድፍን ቁጥር ያስጠረጥራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? 'አንድ ተሳታፊ በዕድሜ መግፋት ምክንያት ጉዞውን ለማቋረጥ ተገደዋል' እንላለን።"

ጋሼ ጥበቡ ዓረፍተ ነገሩን በልባቸው ደገሙት። የሚታረም ነገር አጡበት።