የአምፖል ዝምድና

ቀበሌያችን መብራት ቆጥቡ ብሎ ለአንድ ቤተሰብ አንድ አምፖል በፈቀደ ጊዜ፣ አባቴ ጉደታና ጎረቤታችን አቶ ገሠሠ ከታዘዙት በላይ ቆጠቡ። ሁለቱን ቤቶች የሚለየውን የጭቃ ግድግዳ ቀደው አንድ ባለ አርባ ሻማ አምፖል ቀዳዳው ውስጥ አንጠለጠሉ። ግማሹ ብርሃን ለእኛ፣ ግማሹ ለእነሱ። በአዳማ እንዲህ ያለ ቁጠባ አልታየም ተብሎ በስብሰባ ተጨበጨበልን።

ከቀዳዳው ወዲያ የአቶ ገሠሠ ልጅ እናትነሽ ሹራብ ትሠራ ነበር። ዓይን አፋር ስለሆንኩ የማወራው ለአምፖሉ ነው፤ መልሱ ግን ከእሷ ይመጣል። በመጨረሻ ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ የእኛን ወገን ከአርሲ ነገሌ፣ የእነሱን ከመንዝ አንስተው ሰባት ትውልድ ቆጠሩ፤ ዝምድና የለም። አቶ ገሠሠም ፈቀዱ።

ጋብቻውን ለማስመዝገብ ቀበሌ ስንሄድ ሊቀመንበሩ ጓድ ቡዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እህትና ወንድም አናጋባም።»

«ምን አሉ ጓድ?» አለ አባቴ።

«በአንድ አምፖል የሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። ለበላይ አካልም እንዲሁ ብለን ሪፖርት አድርገናል።»

«ሰባት ትውልድ አስቆጥረናል እኮ!» አሉ አቶ ገሠሠ።

«ትውልድ ቆጠራችሁ፤ አምፖሉን ግን አልቆጠራችሁም።»

«እንግዲያው ሁለተኛ አምፖል እናስገባለን» አለ አባቴ።

«ሪፖርት የተደረገ ቁጠባ ልታፈርሱ? ይሄማ አሻጥር ነው!»

አሻጥር የሚለው ቃል እስር ቤት ያስገባ ነበር። አቶ ገሠሠ ለመሄድ ባርኔጣቸውን አነሱ። እናትነሽ አየችኝ። አሁን ካልተናገርኩ ዕድሜ ልኬን ወንድሟ ሆኜ ልቀር ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አልኩ ወለሉን እያየሁ፣ «ከመብራቱ ብትወጣስ?»

ጓድ ቡዜ ጣራውን አዩ። «ከመብራቱ ከወጣችማ እህትህ አይደለችም።»

እናትነሽን ዓለም ጤና ከተማ፣ አክስቷ ወይዘሮ የሺዓለም ዘንድ ላክናት። እዚያ ቤት የሚበራው ኩራዝ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ በሽንኩርት መኪና ሄደው እንደ አዲስ ለመኗት።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» አለች እናትነሽ፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና።

በኩራዝ ተጋባን።

አዳማ ስንመለስ አማቶቼ የመልስ ድግስ ደገሱ፤ ጓድ ቡዜም ተጠሩ። እንግዳው ስለበዛ ግማሹ በእኛ ቤት ተቀመጠ፤ ወጡም በቀዳዳው እየተቀባበለ ይሻገር ነበር። ሙሽራዬ አምፖሉ ሥር ስትቀመጥ አባቴ ክው አለ።

«ጓድ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊሆኑ ነው?»

ጓድ ቡዜ የያዙትን አጥንት አስቀምጠው አሰቡ።

«እህትና ወንድም ማጋባት ክልክል ነው። ባልና ሚስት ኋላ እህትና ወንድም ቢሆኑ ግን መመሪያው ዝም ብሏል።»

አማቴ መመሪያው እንደዚያው ዝም እንዲል ሌላ የዶሮ ብልት ቶሎ ጨመሩላቸው።