ያልተለበለበ ራስ

ፈህሚያ የፕላስቲክ ባልዲዋን አንጠልጥላ ጓሮ ስትገባ የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ተቀበላት። እናቷ ሐዲጃ የዓረፋውን በግ ራስ እሳት ላይ አገላብጣ ለብልባ፣ ፍቃና አጥባ ሰፌድ ላይ አስቀምጣዋለች።

«ጠጉራም ራስ ይዘሽ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ሰው ይሳቅብሽ እንዴ?» አለች፣ በሥራዋ ኮርታ።

ፈህሚያ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። የምትፈልገው ከአንጎል ሥር የተሸሸገችውን፣ ሽምብራ የምታህለውን ፒቱታሪ ዕጢ ነበር። የዕጢዋን ሕዋሳት ነፍሳቸው ሳትወጣ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ያለው ላቦራቶሪ አድርሳ፣ ሆርሞን ሲነካቸው በውስጣቸው ያለው ካልሲየም ከፍ ማለቱን በዓይኗ ማየት አለባት። ካልሲየሙን አብርቶ የሚያሳየው ቀለም ደግሞ የቀራት አንድ ብልቃጥ ነው፤ እሱንም ጠዋት በጥብጣዋለች፣ አያድርም። ዛሬ ካልሆነላት የዘንድሮው ምረቃ አመለጣት ማለት ነው።

«እሳት ከነካው እኮ አለቀለት፣ እማዬ።» ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ጥላሸት የለበሱትን የእናቷን ጣቶች ስታይ ግን አንጀቷ አልቻለም።

ሐዲጃ ነገሩ ሲገባት ክው አለች። «ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት እኔ ነኝ!» አለችና ባልዲውን ነጥቃ፣ ሻርፗን እያስተካከለች ወጣች።

ሰፈሩ ሁሉ አርዶ የጠጉር ጭስ በየአጥሩ ይወጣል። ሐዲጃ በር ታንኳኳለች፣ ዒድ ሙባረክ ትላለች፣ ወዲያው «ራሱን እሳት ነክቶታል?» ብላ ትጠይቃለች። ከኋላ የምትከተለው ፈህሚያ እፍረትም ሳቅም አንድ ላይ መጣባት። በመጨረሻ የጨርቅ ነጋዴው ኡዘይር በጉን ገና ማረዱ ነበር።

«ራሱን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ልጄ ልትመረቅበት ነው» አለች ሐዲጃ። ኡዘይር እየሳቀ ሰጣት።

ማራኪ ግቢም እናቷ አብራት ሄደች። ፈህሚያ ዕጢዋን አውጥታ፣ ሕዋሳቱን ለያይታ ቀለሙን አጠጣቻቸው። ክፍሉን አጨለመችና ሆርሞኑን ጠብ አደረገችባቸው። የማይክሮስኮፑ ስክሪን ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ሐዲጃ ከንፈሯ ለዱዓ ይንቀሳቀሳል።

አንዱ ሕዋስ አረንጓዴ አበራ። ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ስክሪኑ ሙሉ። ፈህሚያ የእናቷ አንገት ሥር ገብታ አቀፈቻት።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለች ሐዲጃ በሹክሹክታ።

«ጡት ወተት እንዲሠራ እያዘዙ ነው፣ እማዬ። ጡት ስታጠቢኝ አንቺም ውስጥ እንዲህ ነበር የሚያበራው።»

ሐዲጃ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እኔም? ሳላውቀው?»