ወደ ተራራው የምትስበው ሞተር

አያ ውቤ የሚሠሩበትን ሎጅ ባለ አራት ጎማ ሞተር እየነዱ ላሊበላ ወዳለው ጋራዤ መጡ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ በበቅሎ ሲያመላልሱ ኖረው ወደ ሞተር የዞሩት አምና ነው።

“ወደ ጎን እየሳበች አስቸገረችኝ” አሉ።

“ወደ የትኛው ጎን?”

“ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ወደ ግራ፣ ስንመለስ ወደ ቀኝ።”

መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን የጎማዎቹን ነፋስ ለካሁ፤ እኩል ነው። ፍሬኑን አየሁ፤ የያዘው ጎማ የለም። ኩሽኔታዎቹን ፈትቼ መልሼ ገጠምኩ። ሜዳ ላይ ስነዳት ቀጥ ብላ ሄደች። በጣም አበሸቀችኝ።

በማግስቱ ከኋላቸው ተፈናጥጬ አብረን ወጣን። በግራችን ተራራው፣ በቀኛችን ገደሉ ነው። ገደሉ ሲቀርብ የአያ ውቤ ግራ እጅ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ተራራው ሳብ አደረገው። ስንመለስ ደግሞ ቀኝ እጃቸው ሳበው። በቅሎ ጠርዝ ጠርዙን መሄድ ትወዳለች፤ እሳቸውም ሃያ ዓመት ልጓሟን ወደ ተራራው ሲስቡ ኖረዋል።

“አያ ውቤ፣ ሞተሯ ደህና ናት። የሚስቧት እርስዎ ነዎት” አልኳቸው።

እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ የነዳጅ ጋኑን እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ አደረጉት።

“አንተ ልክ ሳትሆን አትቀርም” አሉኝ፤ “ግን ዛሬ ዝም ካልኳት ነገ ጠርዝ ትለምዳለች።”