የፊንታን አሥራ ሁለት ደቂቃ

«ያንን መርፌ ቁልፍ ከጆሮሽ ላይ አውልቂው፤ ለዛሬ እንኳ» አሉ እናቷ፣ የሻይ ትሪውን እያቀበሏት።

ኦርላ አላወለቀችውም። ትሪውን ይዛ ሳሎን ገባች። ታላቅ ወንድሟ ፊንታን መስኮቱ ስር፣ እንደ አገሩ ልማድ ለስንብት ክፍት የሬሳ ሳጥን ውስጥ ከተኛ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዴሪ ከተማ ተጫውተው ሲመለሱ የሮክ ባንዱ ቫን ዝናብ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ፤ ከአምስቱ የሞተው እሱ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሳንድዊች ይዞ ይመጣል፣ መቁጠሪያ ይደግማል፣ ከዚያ ስለ ፊንታን ጣቶች ያወራል።

«እንደሱ ጊታር የሚያናግር ቤልፋስት ውስጥ አልነበረም!»

ጥግ ላይ ሁለት አክስቶቿ ይንሾካሾካሉ።

«ጋዜጣ ላይ ያዋረደችው እሷ አይደለችም እንዴ?»

«እሷው ናት። አሁን ደግሞ ሻይ ታድላለች።»

እውነታቸውን ነው። ኦርላና ሁለት ጓደኞቿ አምና ፓንክ የሚባለውን ፈጣንና ጩኸታም ሙዚቃ የሚጫወት ባንዳቸውን ሲያቋቁሙ የሚያውቁት ሦስት የጊታር ኮርድ ብቻ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ ስለ ወንድሟ ሲጠይቃት፣ «እነሱ መድረክ ላይ ወጥተው ጣታቸውን ያስጎበኙናል። አንድ የጊታር ሶሎ አሥራ ሁለት ደቂቃ! ሰው ሥራ አጥቶ፣ መንገድ ላይ የእንግሊዝ ወታደር እየፈተሸው፣ እነሱ ስለ ዘንዶና ስለ ጠንቋይ ይዘፍናሉ። ጡረታ ይውጡልን!» አለች። ፊንታን ያኔ ገና ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ጋዜጣውን እራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፣ ሳቀ፣ ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ አላናገራትም።

ኩሽና ውስጥ የፊንታን ከበሮ መቺ ማላኪ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ተቀምጧል።

«አንቺ ጉደኛ» አላት፣ «አንዴ ስትጫወቺ መጥቶ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«መቼ?»

«በፋሲካ ሰሞን። በሩ ጋ ቆሞ አየሽ። ሲመለስ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጊታሯ አልተቃኘም፤ ግን አንድም የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እኛን ሰው ተቀምጦ ነው የሚያየን።› በማግስቱ ልምምድ ላይ ሶሎውን ሁለት ደቂቃ አደረገው። ልንደባደብ ነበር እኮ!»

«ለምን ለኔ አልነገረኝም?»

«አንቺስ የነገርሽው ነገር አለ?»

ኦርላ ትሪውን አስቀመጠች።

«ያንን ሶሎ በግድግዳ በኩል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአፌ ላዜምልህ እችላለሁ። በእጄ ግን ዓመት ሙሉ ሞክሬ አቃተኝ። ጡረታ ይውጡ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ግን ያልኩትን አሁንም አምንበታለሁ» አለች።

«እሱም አምኖበት ነበር» አለ ማላኪ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል፣ ቤተሰቡ ሊሰናበተው ገባ። አስከሬኑን ያሰናዱት ሰዎች ጨዋ እንዲመስል ብለው ረጅም ፀጉሩን ወደ ኋላ ሰብስበው ኮሌታው ውስጥ ደብቀውታል። ኦርላ ጎንበስ ብላ ፀጉሩን በሁለት እጇ ከኮሌታው ውስጥ አወጣችው።

«ቄሱ እየመጡ ነው እኮ ልጄ» አሉ እናቷ።

«ይምጡ» አለች። ፀጉሩን በጣቶቿ አበጥራ፣ መድረክ ላይ እንደሚለቀው አድርጋ ትከሻው ላይ ዘረጋችው።