አቤት ያላለ ቀርቷል

ሸረፈዲን ከመቃብሩ ጉድጓድ ሲወጣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። አካፋውን አጋድሞ እጁን በጄሪካን ውሃ ሲታጠብ፣ የቀብር እድራቸው የቅሬው ጸሐፊ ጋሽ ሀምዱ የስም መዝገቡን ዘግተው ብብታቸው ውስጥ ሲከቱ አየ።

«ጋሽ ሀምዱ፣ እኔን ጠሩኝ እንዴ?»

«ጠርቼሃለሁ።»

«መቼ?»

«ሁሉም ሲጠራ ነዋ። አቤት አላልክም።»

«ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ እኮ! አፈር እየመለስኩ!»

«ደንቡን ታውቀዋለህ ልጄ። አቤት ያላለ ቀርቷል» አሉና ዣንጥላቸውን እየተደገፉ ቁልቁል ወረዱ።

እንግዲህ ይሄን ምን ይሉታል? ቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት የወጣው፣ ድንጋይ ፈንቅሎ የቆፈረው ሰው «ቀሪ» ተብሎ ተጻፈ። አጥር ተደግፈው ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወሩ ያረፈዱት ደግሞ ስማቸው ሲጠራ አቤት ብለው፣ ጫማቸውን ሳያቆሽሹ «ተገኝተዋል» ተባሉ።

ሸረፈዲንን ያበገነው ቀሪ የሚከፍለው ቅጣት አልነበረም። በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው በነሸረፈዲን ሰፈር ቅሬ ማለት ከቅጣት በላይ ነው። ሰው ሲሞት ለፋፊው ጎህ ሲቀድ ይጮሃል፤ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ተሸክሞ ይቀብራል። በተከታታይ ሦስት ቀብር የቀረ ግን ከቅሬው ይሰረዛል። ከተሰረዘ ቤት ሰው ቢሞት ለፋፊ አይጮህም፣ ቃሬዛ አይወጣም፣ ጉድጓድ የሚቆፍር አይመጣም። ሸረፈዲን ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉ እናት አሉት። ወይዘሮ ዘምዘም ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ» ካሏቸው ወዲህ ስለ መድኃኒት እንኳ መጠየቅ ትተዋል። ልጃቸው ማታ ማታ ሲገባ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሸሬ፣ ቅሬያችን ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማ።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ ሌላ የምፈራው የለኝም።»

የዚያን ቀንም ጭቃ የነካው ሱሪው ሳይደርቅ ይህንኑ ጠየቁት። እሱም ደህና ነው አላቸው።

ነገሩን በቅንነት ካየነው ጋሽ ሀምዱም ደንቡን ያወጡት በክፋት አልነበረም። ቀደም ሲል ጓደኛ ለጓደኛው አቤት እያለ፣ ግማሹ ሰው ቤቱ ተኝቶ «ተገኝቷል» እየተባለ፣ ቃሬዛ የሚይዝ ትከሻ እስኪጠፋ ተደርሶ ነበር። ስለዚህ ለሌላ ሰው አቤት ማለት ተከለከለ፤ ያለውም ራሱ እንደ ቀሪ ይቆጠራል ተባለ። ጥሩ ነው። ታዲያ ስሙን የሚጠሩት ሰው ዝናብ ሳይመጣ ቤታቸው ለመግባት እየቸኮሉ፣ ጀርባቸውን ለጉድጓዱ ሰጥተው፣ በዚያች በቀጠነች ድምፃቸው ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው በምን ጆሮው ይስማ?

«አንተም ትተህ ውጣና አቤት በላ!» አለችው ሚስቱ ዊዳድ።

«ሬሳ ላይ አካፋ ጥዬ?»

መፍትሔ ያመጣችው ኮሌጅ የምትማረው ልጁ ሰልዋ ናት። «አባ፣ ለምን አትመዘግብም?» ብላ ስልኩ ላይ የማስታወሻ መተግበሪያ ጫነችለት። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይይዛል፤ ሰዓቱንና ቦታውን ራሱ ይጽፋል፤ ፎቶም ድምፅም ያስቀምጣል። «ፎቶ ስታነሳ ግን ፊትህ ይታይ» አለችው። «ፊትህ ካልታየ እዚያ መሆንህን በምን ያምኑሃል?»

ሸረፈዲን መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ማቆም አቃተው። ውሃ እኩለ ሌሊት መጥታ አንድ ጄሪካን ሳትሞላ ስትሄድ መዘገበ። ኮምቦልቻ ያለው ብየዳ ቤቱ ውስጥ ኤሌክትሮዱን ባነሳ ቁጥር የሚጠፋውን መብራት መዘገበ። «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ!» ብሎ ጠርቶት ሚኒባሱ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ያስጠበሰውን የታክሲ ረዳት በድምፅ ቀዳው። «ነገ ና» ያለውን የቢሮ ሰራተኛ፣ ነገ ሲሄድ «ትናንት ነበር መምጣት» ያለውን ሌላውን ሰራተኛ፣ ሁሉንም ጻፋቸው። ድሮ ጮሆ የሚረሳ ሰው ነበር። አሁን ንዴቱን በቀንና በሰዓት እያጠራቀመ ያስቀምጥ ጀመር፤ ይሄ ደግሞ ለሰው ጤና አይሆንም።

«እኔንስ መዝግበኸኛል?» አለችው ዊዳድ አንድ ቀን።

«ያለፈው ረቡዕ ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር» አለ ከስልኩ እያነበበ። ዊዳድ ነጠላ ጫማዋን ወረወረችበት።

ሁለተኛው ቀብር እንደ መጀመሪያው ሆነ። ብየዳ ቤቱን ዘግቶ፣ በር ያዘዘ ደንበኛ በስልክ እየጮኸበት ዋለ፤ ቆፈረ፤ አፈር መለሰ፤ ፎቶ ማንሳቱ ትዝ ሳይለው ቀሪ ተባለ። ሦስተኛው የጎረቤቱ የሞላልኝ እናት ቀብር ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ። መሬቱ ዓለት ስለነበር ሸረፈዲን መዳፉ ተላጠ። ሳጥኑን ሊያወርዱ ሲሉ ግን ያ የስም መዝገብ ትዝ አለው። ደሙ ፈላ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ፊቱን ብቻ እያየ አንዴ ጫን አደረገና መልሶ ከተተው። ከኋላው ምን እንዳለ አላየም። ወዲያው ወደ አካፋው ተመለሰ። ጋሽ ሀምዱ ስም ሲጠሩ አሁንም ጉድጓዱ ጋ ነበር፤ አሁንም አልሰማም።

እሑድ ቅሬው ድንኳኑ በሚቀመጥበት ቤት ደጃፍ ተሰበሰበ። የዕለቱ ጉዳይ የሸረፈዲን መሰረዝ ነበር። የቅሬው ዳኛ «የምትለው ካለህ» ሲሉት ብድግ አለ።

«አለኝ! ማስረጃ አለኝ! ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ፊቴ ሳይቀር አለላችሁ! ሰው እየቀበርኩ ቀሪ የተባልኩበትን እዩት!» ብሎ ስልኩን ሰጠ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሸረፈዲን አሁን ያፍራሉ ብሎ ጠበቀ። ያየው ሁሉ ግን ፊቱን እያጠቆረ ለሚቀጥለው ያቀብላል። አንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ። አንዱ አማተበ። በመጨረሻ ሞላልኝ እጅ ገባ፤ ሞላልኝም ብዙ አየው።

ፎቶው ላይ የሸረፈዲን ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል። ከትከሻው ኋላ ሳጥኑ አለ። ከሳጥኑ አጠገብ ሞላልኝ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አፉን ከፍቶ፣ አፈር በሁለት እጁ ጨብጦ ያለቅሳል።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ ሞላልኝ። «እናቴ ስትገባ... አንተ ፎቶ ትነሳለህ?»

ሸረፈዲን ወደ ሞላልኝ ተጠጋ። «ወላሂ ሞላልኝ፣ ከኋላዬ አላየሁም። ለማስረጃ ብዬ ነው። ሊሰርዙኝ ነው እኮ!»

«አጥፋው።»

«ካጠፋኸው ማስረጃ የለህም» አሉ ጋሽ ሀምዱ። ማስጠንቀቃቸው ነበር።

ሸረፈዲን ስልኩን ተቀብሎ ቆመ። እናቱ ታዩት፤ ያቺ የማታ ጥያቄያቸው ታየችው። ይህን ፎቶ ካጠፋ ማታ ምን ይላቸዋል? ከዚያ ደግሞ ፎቶው ላይ ያለውን የሞላልኝን አፍ አየ። ስልኩን መልሶ ለሞላልኝ ሰጠው።

«በራስህ እጅ አጥፋው። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

ሞላልኝ አጠፋው። ጋሽ ሀምዱ ቀስ ብለው መዝገቡን ገለጡና እስክሪብቶአቸውን አነሱ።

«ይቆዩ!» አለ ሞላልኝ፣ ገና ስልኩን እንደያዘ። «የእናቴን ጉድጓድ ማን ቆፈረ?»

ዳኛው ወደ ጋሽ ሀምዱ ዞሩ።

«ጠየቅኩ እኮ! እኔ መሬት ላይ ነበርኩ፣ ያየሁት የለም። የቆማችሁት እናንተ ናችሁ። እሱ ሲቆፍር ያየ እጁን ያውጣ!»

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ እዚህም እዚያም ወጣ፤ አጥር ተደግፈው ከነበሩት አንድም አልቀረ። ጋሽ ሀምዱ እስክሪብቶአቸውን መዝገቡ ላይ አኖሩና እሳቸውም እጃቸውን አወጡ።

ሸረፈዲን የወጡትን እጆች ሲያይ ደስ ሊለው በተገባ ነበር። እሱ ግን እንደዚያን ቀን ተናዶ አያውቅም። እስካሁን አላዩኝም ብሎ ነበር። ለካ ሁሉም አይተውታል! አይተውት፣ ከመዝገብ ሲፋቅ ሊያዩ ተሰብስበዋል!

«እስከ ዛሬ እጃችሁ የት ነበር?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ‹ጉድጓድ ውስጥ ነው› ማለት አቃተው? ለቅሶ ላይ ስልክ እስካወጣ፣ ወንድሜን እስካዋርድ ጠበቃችሁኝ?»

«ለሰው አቤት ማለት በደንቡ...» ብሎ አንዱ ጀመረ።

«ደንቡ ዓይናችሁን ጨፍኑ ይላል? በአላህ፣ እንደዚያ የሚል ካለ አንብቡልኝ!»

ሸረፈዲን ጃኬቱን አንስቶ ለመሄድ ዞረ። ጋሽ ሀምዱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ቀሪ መባልህ ይነሳልህ። ብቻ ለደንቡ... አሁን ልጥራህና አቤት በል።»

ይሄ ነው እንግዲህ የካሱት! መዳፉ ተልጦ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ ከሞላልኝ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቶት፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቆሞ አቤት ይበል! «አልልም፣ ሰርዙኝ!» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ቢለውም እውነቱን ነው፤ ማን ይፈርድበት ነበር?

«ሸረፈዲን!» ብለው ጠሩ ጋሽ ሀምዱ። ድምፃቸው እስከ ዳገቱ ራስ ተሰማ፤ እንዲህ መጥራት ይችሉ ኖሯል።

ሸረፈዲን እጃቸውን ያወጡትን አንድ በአንድ አያቸው። ቤቱ አልጋ ላይ ያሉትን አሰበ። ለእናቱ ሲል፣ «አቤት» አለ።