የሆሞሻው ብልቃጥ

መጀመሪያ የተሰማት ማንኮራፋቱ ነበር፤ ዳገት ላይ ማርሽ እንደከበደው አይሱዙ ያጓራል። ከዚያ ጸጥ። ጓሮ ልብስ የምታጥበው የሺሀረግ እጇን አረፋው ውስጥ እንደነከረች ቆጠረች። አሥራ ስምንት ላይ ስትደርስ ከቤት ውስጥ እንደታነቀ ሰው ሲያጣጥር ሰማችና እሷም አብራ ተነፈሰች።

ባሏ በቃሉ ነው፤ ከአሶሳ ሆሞሻ የሚመላለስ ሹፌር። ከመንገድ ተመልሶ ጋደም ባለ ቁጥር እንዲህ ነው። ከዚያ ዝምታ አንድ ቀን ሳይመለስ ይቀራል ብላ ስትሰጋ ኖራለች። አሁን ደግሞ ሌላ ስጋት መጣባት። ከሸሚዙ ኪስ የማትለይ ትንሽ ብልቃጥ አለች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ወደ ጣራው አንጋጦ አፍንጫው ውስጥ ጠብ ያደርጋል። ስትጠይቀው፣ ሆሞሻ ሳሚያ ከምትባል ነጋዴ እንደሚገዛትና ያለሷ አፍንጫው እንደማይከፈት ነገራት። ድሮ ለወር ትበቃው የነበረችው አሁን ሳምንት አትሞላም።

ጎረቤቷ ብዙወርቅ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። «የሺ ሞት! አሶሳ ስንት መድኃኒት ቤት እያለ ባልሽ አፍንጫውን ሆሞሻ ድረስ ይዞት ይሄዳል?»

የሺሀረግ ሳቀች፤ ነገሩ ግን ሆዷ ገብቶ ተቀመጠ። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ የሰፈሩት ወላጆቿ ስለ መስተፋቅር እያወሩ ነው ያሳደጓት። እርግጥ በምግብና በመጠጥ እንጂ በአፍንጫ ሲሰጥ ሰምታ አታውቅም። ቢሆንም፣ አገሩ ሌላ፣ አሰጣጡም ሌላ ይሆናል አለች በልቧ።

እሑድ እሱ ገላውን ሲታጠብ ብልቃጧን አመድ ላይ ደፋች፤ አለቀለቀችና ጠበል ሞላችባት። ከዚያም በጎደለች ቁጥር ተደብቃ ትሞላት ጀመር።

ሦስት ቀን ሙሉ በቃሉ መከራውን አየ። አፍንጫው ድርግም ብሎ ተዘጋ፣ በአፉ እየተነፈሰ ከሰው ሁሉ ተጣላ። እሷ በልቧ፣ ሲለቀው ነው አለች። በሁለተኛው ሳምንት ከበራፍ ላይ ሆኖ «ሽሮው አረረ እንዴ?» አላት። ሽታ ከለየ ወራት አልፎት ነበር። ጥርጣሬዋ እርግጥ ሆነ።

ዝምታው ግን አልቀረም። ቆጠራው ሃያ ሲያልፍ ለምና ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

ጤና መኮንኑ ሞቱማ በባትሪ አፍንጫውን አየና፣ በቃሉ ስለ ብልቃጧ ሲነግረው፣ እንዲህ ያለው ጠብታ ለሦስት ቀን ያህል ብቻ እንደሚረዳ፣ ሲቆይ ራሱ አፍንጫ እንደሚያሳብጥ አስረዳ። አፍንጫው መከፈቱ ግማሽ መንገድ ነው አለ፤ በእንቅልፍ የሚዘጋው ጉሮሮው ስለሆነ አዲስ አበባ ሄዶ መመርመር አለበት። በጭንብል አየር የሚነፋ መሣሪያ ቢታዘዝለት እንኳ በተደፈነ አፍንጫ አይቻልም ነበር።

«ጋሼ በቃሉ፣ እብጠቱ ጠፍቷል፤ ጠብታውን መቼ አቆሙት?»

«የምን ማቆም? ዛሬ ጠዋትም አድርጌያለሁ።»

ሞቱማ ብልቃጧን ተቀብሎ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፤ አሸተተ። «ይሄ ውሃ ነው» አለ። ያልፈላ ውሃ አፍንጫ ውስጥ መጨመር አደጋ እንዳለውም ጨመረበት።

በቃሉ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ጠበል ነው» አለች የሺሀረግ መሬት መሬቱን እያየች። «መስተፋቅር ያደረገችብህ መስሎኝ።»

«ማን?»

«ሳሚያ።»

እንዲስቅባት ጠበቀች። ቢስቅ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ስሟን ሲሰማ ጆሮው ሥር ቀላ እንዴ? ወይስ ለእሷ መሰላት? ሞቱማ የጻፈለትን ወረቀት ተቀበለ፣ አራት አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።