አንድ ክዳን ጠበል

ዓርብ ከምሳ በኋላ ቤቱ በሙሉ ይተኛል። ማዳም ክፍሏን ትዘጋለች፤ ባባ፣ ማለቴ ባሏ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ያንኮራፋል። ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ የዋልኩበትን እግሬን የምዘረጋው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ግን ገና የሩዙን ድስት እየፈተግሁ ሳለ ልጄ ሕይወት በጓሮ በር ብቅ አለች።

«እማ፣ ነይ ውጪ። ፊልትሮውን የሚሞላልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ ነኝ የምሞላው?»

«ባባን ልቀስቅሰው ታዲያ?»

እጄን በሽርጤ ጠርጌ ወጣሁ። የማዳም መኪና ጥላው ሥር በክሪክ ተነስቶ ቆሟል። ከሥሩ ካርቶን ተነጥፏል፤ ጥቁሩ ዘይት ወደ ሳፋ እየወረደ ነው። አየሩ ስለማይንቀሳቀስ የዘይቱ ሽታ እዚያው ቆሞ ነበር። ስልኳ አዲሱ የዘይት ጋሎን አጠገብ ጎማው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ በኢሞ የባሌ የጥላሁን ፊት ከናዝሬት ይታያል። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሞተር ሲፈታ ኖሮ ወገቡ እምቢ ስላለው ቤት የዋለ ሰው ነው።

«አሴ፣ ደህና ዋልሽ?» አለኝ።

«ምን ደህና አለ? ይቺ ልጅ ሥራዋን በገዛ እጇ ልታጣ ነው።»

«ጀመረች» አለች ሕይወት ከመኪናው ሥር። «አባዬ፣ ትሰማታለህ? ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ጃንጥላ የምትፈልግ ሴት ናት ያገባኸው።»

ትስቅብኝ። የምፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። እዚህ አረብ አገር፣ ሳልዋ የሚባል ሰፈር፣ በምግብ አብሳይነት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ማዳም ለሴት ልጆቿ ሴት ሹፌር ስትፈልግ «ልጄ አለችልሽ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሕይወት መጣች፣ የዚህን አገር የመንጃ ፈተና አለፈች፣ ሥራ ጀመረች። ያስመጣት መክተብ፣ ማለትም ኤጀንሲው፣ የስድስት ወር ዋስትና ሰጥቷል። በስድስት ወር ውስጥ ካልወደዷት እንደ ዕቃ መልሰው ሌላ መውሰድ ይችላሉ። አሁን አምስተኛው ወር ላይ ነን።

ከእሷ በፊት የነበረው ሹፌር ሉቅማን ይባላል፤ ጨዋ የሕንድ ሰው ነበር። እሱም እዚሁ ግቢ ውስጥ ዘይት ቀየረ፤ በሳምንቱ መኪናው ማፏጨት ጀመረ። ቱርቦው፣ ለሞተሩ አየር የሚነፋለት ተሽከርካሪ፣ ተበላ ተባለ። ባባ ሰውየውን በሁለት ቀን አገሩ ላከው፣ ቱርቦውም ተቀየረ። ሕይወት በመጣችበት ቀን ባባ እኔን ጠርቶ «ይቺም አንድ ቀን ካስፏጨችው ወደ መክተብ ነው» አለኝ። መክተብን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ስመጣ አሥራ አንድ ቀን አሥራ አራት ሆነን ሴራሚክ ላይ ተኝተናል። ቀጣሪዎች እየመጡ ያዩን ነበር፤ ጥርሳችንን ሁሉ።

ጥላሁን የሉቅማንን ጥፋት ገና ወሬውን ሲሰማ ነው ያወቀው። «ፊልትሮውን ደረቁን አስሮት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ መጀመሪያ ባዶውን ፊልትሮ መሙላት አለበት፤ እስኪሞላ ቱርቦው ያለ ዘይት ይዞራል። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚዞር ነገር ነው። ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።» ስለዚህ እንደ እሱ ሕግ አዲሱ ፊልትሮ ከመታሰሩ በፊት አፉ ድረስ በዘይት ይሞላል። ሕይወትን በልጅነቷ ያስተማራት ይህንን ነው።

በአሥር ሰዓት ማዳም ከከተማ ውጭ ወፍራ በሚባል ቦታ ወዳለው እርሻቸው ትሄዳለች። መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ዘይት ቀይሩ የሚለው መብራት ሳምንቱን ሙሉ ሲበራ ከርሟል፤ ማዳም ግን መኪናውን ለአንድ ሰዓት እንኳ ለቅቃ አታውቅም። ያለን ሰዓት ይህ ብቻ ነበር።

«ፊልትሮውን ቀጥ አድርገሽ ያዢው» አለኝ ጥላሁን። «መሐሉ ላይ ባለው ትልቁ ቀዳዳ ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ውስጡ ያለው ወረቀት ዘይቱን ይጠጣል። ጠጥቶ ሲጨርስ ድገሚ። አትቸኩዪ።»

ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ፊልትሮውን በጉልበቶቼ መሐል ያዝኩት። አፈሰስኩ። ዘይቱ ማር መስሎ ወረደና ጠፋ። ጠበቅሁ፣ ደገምኩ። እንደገና ወረደ። ይህን ሁሉ የሚጠጣ ምን ዓይነት ወረቀት ነው? ሕይወት ከሥር አሮጌውን ፊልትሮ ፈትታ ሳፋው ውስጥ ጣለችው፤ የተጣበቀ ጎሚኒ እንዳይቀር ማሰሪያውን በጨርቅ ትጠርጋለች። ጥላሁን የሆነ ሰው በሩን አንኳኩቶበት ለአፍታ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ ባዶ ወንበር ብቻ ቀረ።

እኔ በዚያች አፍታ ምን አሰብኩ? ሉቅማንን አሰብኩ። ሻንጣውን ሲጎትት በሩ ላይ ዞር ብሎ ያየኝን አሰብኩ። ከዚያ ሕይወትን ያ ሴራሚክ ላይ ተኝታ አየኋት። በሽርጤ ኪስ ሁልጊዜ የማልለየው ትንሽ ጠርሙስ አለ፤ አምና የጎረቤት ልጅ ስትመጣ ይዛልኝ የመጣችው የቁልቢ ገብርኤል ጠበል። ልጆቹ ሲያማቸው፣ ማዳም ስትቆጣ፣ በር ስከፍት እንኳ ጣቴን ነክሬ አማትባለሁ። አወጣሁት። በክዳኑ ቀዳሁና «ገብርኤል ጠብቃት» ብዬ ፊልትሮው ውስጥ ጨመርኩት። ከላዩ ዘይት ሞላሁበት።

ማንም አላየኝም።

«ሞላ?» አለች ሕይወት እጇን ከሥር ዘርግታ።

«ሞላ።»

ጎሚኒውን ዘይት ቀባችው፣ በእጇ አሰረችው። ከዚያ ወጥታ ኮፈኑን ከፍታ ጋሎኑን በላይ ገለበጠች። ጥላሁን ተመልሶ መጣ።

«ውስጡ አቧራ ምናምን አልገባም አይደል? ውሃ?»

ዝም ብል ይሻል ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ። «ውሃ ቢገባ ምን ይሆናል?»

ስክሪኑ ላይ ፊቱ ቀረብ አለ። «ምን ያህል ውሃ?»

«እንዲያው ነው የጠየቅሁት።»

«አሴ።»

ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ስም ሲጠራ ሌላ ጥያቄ አያስፈልገውም።

«ጠበል ነው» አልኩ። «ሦስት ጠብታ።»

ሕይወት ጋሎኑን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ትቆጣለች ስል ሳቀች፤ ሳቁ ድካም ያለበት ነበር። «ሌላው ሰው መኪና ይባርካል፣ እናቴ ፊልትሮ ታጠምቃለች!»

«ሦስት ጠብታ ከሆነ ግዴለም» አለ ጥላሁን። «ሞተሩ ሲሞቅ ይተናል። ከዚያ ከበለጠ ግን መጀመሪያ ወደ ቱርቦው የሚሄደው እሱ ነው። ቱርቦው የቆመው በዘይት ላይ ነው፣ ውሃ አይሸከመውም። ሦስት ነው አይደል?»

«ሦስት ነው።»

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። ፊልትሮው ይፈታ ካልኩ ሌላ ፊልትሮ የለንም፤ ሱቆቹ ከአሥር ሰዓት በፊት አይከፈቱም። መኪናው በክሪክ እንደቆመ ማዳም ትነቃለች፣ ባባ ይመጣል፣ ልጄ ትመለሳለች። ዝም ካልኩ ደግሞ ምናልባት ምንም አይሆንም። ምናልባት የሚለውን ቃል በሕይወቴ አምኜው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ልይዘው ፈለግሁ።

ሕይወት መኪናውን ከክሪኩ አወረደች፤ የዘይቱን መጠን በዘንጉ አየች። ገብታ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ነው። ጣቷ ማስነሻው ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ ጥፍሯ ሥር ጥቁር ዘይት ገብቷል፣ ልክ እንደ አባቷ ጥፍር።

«አታስነሺው!»

ዞር አለች።

«አንድ ክዳን ነው» አልኩ። «ሙሉ ክዳን።»

አሁን አልሳቀችም። ጣቷን ከማስነሻው ላይ አነሳች። 

«እማ፣ አባዬ ሲጠይቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ጥላሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ከሩብ» አለች ሕይወት።

«ይበቃል። አሮጌው ፊልትሮ የት አለ?»

«ሳፋው ውስጥ።»

«አውጪው። ገልብጠሽ እስኪያቆም አንጠፍጥፊው፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው። አዲሱን ፍቺና እሱን መልሺ። አርጅቷል እንጂ አልሞተም፤ ወፍራ ደርሶ ይመለሳል። ነገ ሌላ ትገዣለሽ። ሂጂ፣ ክሪኩን አንሺ።»

እንደገና ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። እንደገና ፊልትሮ በጉልበቴ መሐል። ጀርባዬ ሁለት ቦታ የተሰበረ መሰለኝ። ሕይወት ወደ ሽርጤ ኪስ እጇን ዘረጋች፤ ጠርሙሱን ሰጠኋት፤ ወስዳ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። አፈሰስኩ፣ ጠበቅሁ፣ አፈሰስኩ። አሮጌው ወረቀት ዘይት ስለጠገበ ብዙ አልጠጣም። ቶሎ ሞላ። በሁለት እጄ ይዤ ሰጠኋት፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

አሰረችው። የፈሰሰውን ያህል በላይ ጨመረች፣ ዘንጉን አየች። ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ጠርሙሱን ይዛ ተመለሰች፣ ፊቴ ቆማ ጎንበስ አለች።

«በይ» አለች። «እኔን ርጪኝ። ፊልትሮውን አጥምቂው ያለሽ ማን ነው?»

እጄ ዘይት ነው። ቢሆንም ግንባሯ ላይ አፈሰስኩላት። ውሃው በቅንድቧ ወርዶ አገጯ ላይ ተንጠለጠለ።

ማዳም በአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ አባያዋን ለብሳ ወጣች። የሕይወትን እርጥብ ፀጉር አየች፣ የእኔን ሽርጥ አየች።

«ሽኑ ሃዛ፣ አሴ?» አለችኝ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

«ሙቀት ነው ማዳም» አልኩ። ሳፋውን ከኋላዬ ደብቄያለሁ።

ባባ በዲሽዳሻው፣ ዓይኑ ከእንቅልፍ ሳይገለጥ፣ በሩ ላይ ቆመ። የመጣው መኪናው ያፏጭ እንደሆነ ሊሰማ ነው። «ሸግሊ» አላት፤ አስነሺው ማለቱ ነው።

አስነሳች። ሰሌዳው ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት በራች። እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ አንገቴን አስግጌ አያታለሁ። አንድ፣ ሁለት። ሦስት ልል ስል ጠፋች። ባባ ወደ ኮፈኑ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አዘነበለ። ሕይወት ነዳጅ ረገጥ አደረገች። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ፤ የሚያፏጭ ነገር አልነበረም።

«ዘይን» አለ ባባ፣ ደህና ነው እንደ ማለት፣ ወደ ሶፋው ተመለሰ።

መኪናው ወጣ። መጀመሪያ መሬቱን አየሁ፤ ቆሞበት የነበረው ሴራሚክ ላይ አዲስ ጠብታ የለም። ከዚያ መወልወል ጀመርኩ። ጥላሁን አሁን በእኔ ስልክ ደውሎ እንድተኛ ይለምነኛል፤ እኔ ግን ያን የተበላሸ አዲስ ፊልትሮ ይዤ የማደርገው ጠፍቶኛል።

«ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው» አለ።

«ጠበል አለበት እኮ።»

 «እንግዲያው ቅዳሴ ይዘሽው ሂጂ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ፊልትሮውን በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሩብ ሆነ። መንገድ ላይ ቆመዋል አልኩ። ቱርቦው በመንገድ ነው የተበላው፣ ማዳም ፀሐይ ላይ ቆማ ባባን እየጠራችው ነው። የሕይወትን ልብሶች የት እንዳሉ፣ በየትኛው ሻንጣ እንደሚገቡ ሁሉ አሰብኩ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ደርሰናል። አላፏጨም።»

«ከሥሩ አየሽ? አያንጠባጥብም?»

«ተኝቼ አይቻለሁ። ደረቅ ነው። ነገ አዲስ ፊልትሮ እገዛለሁ፤ የምትሞዪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ባባን ልጠይቀው ታዲያ?»

 ስትዘጋ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ። ገና መመለሻው አለ፤ ያው መቶ ኪሎ ሜትር።